ሲቲ ክሱን አቆመ፣ ታዲያ ልክ የነበረው ማነው?

ቆጪ ሰማያዊ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ ጳጉሜ 3፣ 2017 የወጣውን ሰምታችኋል መቼም። የእንግሊዙ ማንቸስተር ሲቲና ውድድሩን የሚመራው ፕሪሚየር ሊግ ተስማሙ፣ ሲቲ አሁን ያለው ህግ ልክ ነው ይገዛኛል አለ፣ ክሱ ተቋረጠ፣ ሁለቱም ከዚህ በላይ አንናገርም ብለው ዘጉት። ላልተከታተለ ባጭሩ፣ ህጉ የሚለው አንድ ክለብ ከባለቤቱ ጋር ንክኪ ካለው ድርጅት ስፖንሰር ሲያመጣ ዋጋው የገበያ ዋጋ ይሁን ነው። ሲቲ በፈረንጆቹ 2024 ይሄ ህግ ራሱ ህገወጥ ነው ብሎ ከሰሰ። እኔ የሲቲ የሆንኩት በ2012 ነው፣ አጥቂያችን አጉዌሮ ኪውፒአር የሚባል ክለብ ላይ በ94ኛው ደቂቃ የዋንጫዋን ጎል ያገባባት ቀን። ፈረንጅ አራዳ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ሞልቶ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው ያየኋት፣ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ሲዘል ሻዩን ጀርባዬ ላይ ደፋው፣ መቃጠሌን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ሸሚዜን ሳወልቅ ነው። እንደዛ የምወደው ክለብ ነው ግን ይሄን ክስ አንድ ቀን ደግፌው አላውቅም። ዳኛ ሲበድልህ ትጮሃለህ እንጂ ህጉ ይቀደድልኝ አትልም። እናንተስ?

ሲቲዝን ኪቶ፦ አቦ እንዴት እንዲህ ትላለህ። ዳኞቹ እኮ በጥቅምት 2024 ባለቤት ለክለቡ የሚያበድረው ብር ከህጉ ውጪ መደረጉ ልክ አይደለም ብለው ፈርደዋል። በየካቲት 2025 ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ሲሰራበት የነበረው ህግ እንዳለ ዋጋ የለውም አሉ። ስለዚህ ሲቲ ባይከስ ኖሮ ሶስት አመት ሙሉ ህገወጥ ህግ ሲገዛን እንደነበር ማን ያውቅ ነበር? ደሞ መቼ እንደጠበቀ አስታውስ፣ ሳውዲዎች ኒውካስትልን በጥቅምት 2021 ገዙ፣ ሌሎቹ ተሯሩጠው በታህሳስ ህጉን አጠበቁት። አንድ ክለብ ሀብታም ባለቤት ባገኘ ቁጥር በር የሚዘጋ ከሆነ ይሄ ህግ ሳይሆን ቅናት ነው።

ጉነር ሄርማታ፦ እኔ ደግሞ አልስማማም ወንድሜ። ሊጉ ውስጥ ህግ የሚወጣው ከ20 ክለብ 14ቱ ሲደግፉት ነው፣ ሲቲም ሲገባ ይሄን አውቆ ነው። ክሱ ላይ ይሄንኑ የብዙሃን አምባገነንነት ነው ማለታቸው ሲዘገብ ነበር፣ እንዴ ድምፅ ብልጫ ካልሆነ በምን ይወሰን? እቁብ ውስጥ ያለ ሰው ብዙ ብር ስላለው ብቻ እጣ ሳይወጣ ልውሰድ ይላል? በህዳር 2024 ህጉ ተስተካክሎ ሲቀርብ 16 ለ 4 አለፈ፣ የተቃወሙት ሲቲ ኒውካስትል ፎረስትና ቪላ ብቻ ናቸው። በጥር ተመልሰው ያንን የተስተካከለውንም ከሰሱት። ይሄኔ ነው እኔ ጥያቄው ፍትህ አለመሆኑ የገባኝ።

ሲቲዝን ኪቶ፦ የአርሴናል ባለቤትስ ያበደረው? ያንን ለምን አታነሺም? ብራይተንም ኤቨርተንም ያው ነው።

የፈረሱላ ሒሳብ፦ ልጆች እኔ በእድሜ እበልጣችኋለሁ፣ ኳስም እንደናንተ አልከታተልም ግን ቡና ስነግድ ኖሬያለሁና በኔ ቋንቋ ልናገር። ገበያው ፈረሱላውን በሆነ ዋጋ እየሸጠ እኔ ያንኑ 17 ኪሎ ለገዛ ወንድሜ በእጥፍ ሸጥኩት እንበል። ወንድሜ ብሩን ያገኘው ከአባታችን ነው። መዝገቤ ላይ ግን ትልቅ ሽያጭ ተብሎ ይፃፋል። ከዛ እኔ ገበሬው ጋ ሄጄ ሌላው ነጋዴ ሊከፍል የማይችለውን ዋጋ እጠራለሁ፣ ጎረቤቴ ጠዋት ሚዛኑን ይዞ ወጥቶ ማታ ባዶ ጆንያ ይዞ ይገባል። ስርቆት አይደለም፣ ብሩ እውነተኛ ብር ነው፣ ግን የሸጥኩት ቡና ያን ያህል አያወጣም። ህጉ ይሄን ነው የሚከለክለው፣ ደግ ነው። አሁን ደግሞ ሌላው ነጋዴ አባቱ ያለ ወለድ ብር ይሰጠዋል፣ መቼ ትመልሳለህ አይለውም። እኔ ባንክ ሄጄ ወለድ እየከፈልኩ እሱ በነፃ ይነግዳል። ይሄም ያው የአባት ብር ነው፣ የገባበት በር ነው የተለያየው። አንዱን በር ቆልፈህ ሌላውን ገርበብ አድርገህ ከተውከው የተቆለፈበት ሰው ቢጮህ አይፈረድበትም።

ቆጪ ሰማያዊ፦ ጋሼ እርስዎ ባሉት እስማማለሁ። ብድሩ ላይ ሲቲ ልክ ነበር፣ ይሄን ልዋጠው። የኔ ቅሬታ ግን ብድሩም ይቆጠር ብሎ መጠየቅና ህጉ በጠቅላላ ይነሳ ማለት አንድ አይደሉም ነው።

ጉነር ሄርማታ፦ እኔም ጋሼ ያሉትን ተቀብያለሁ፣ የኛ የአርሴናልም ብድር ይቆጠር፣ ምንም አልፈራም።

አባ ጅፋር 2010፦ እናንተ እንግሊዝ ትላላችሁ፣ እኔ እዚሁ ስታዲየማችን ያየሁትን ልናገር። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በኛ አቆጣጠር 2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት አመት ዋንጫ በላን፣ ጊዮርጊስን በጎል ልዩነት ቀድመን፣ ያን ቀን እስከ ጅማው መርካቶ ድረስ መንገዱ ሁሉ ሰው ነበር። ከዛ አፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ገብተን የግብፁን አል አህሊን 1 ለ 0 አሸነፍን፣ በድምር ወደቅን ግን አህሊን አሸነፍን! በ2014 ወረድን። አራት አመት ብቻ። እኛ ሀገር አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በመንግስት በጀት ነው፣ በጀቱ ሲሳሳ ክለቡ ይሳሳል። ፌዴሬሽኑ በ2011 የደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ብሎ ወስኖ ነበር፣ በጎን ይከፈላል የሚለው ወሬ ግን አልቆመም። ስለዚህ እኔ ህጉን የምፈልገው ሲቲን ለመጉዳት ሳይሆን ባለቤቱ አንድ ቀን ደክሞት ቢሄድስ ብዬ ነው። በሪ የሚባል የእንግሊዝ ክለብ በፈረንጆቹ 1885 የተመሰረተ ነው፣ በ2019 ከሊግ ተባረረ፣ ባለቤቱ እዳውን ለመክፈል ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ። የዛ ከተማ ልጆች ቅዳሜ ከሰአት የት ይሄዳሉ?

ሲቲዝን ኪቶ፦ እሱ ልብ ይነካል ግን ሌላውንም እየው። ሌላው የሊጉ ህግ ገቢህን ያህል አውጣ ሲል ትልቅ ገቢ ያላቸው እነማን ናቸው? ዩናይትድ ሊቨርፑል አርሴናል። በሶስት አመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አትክሰር ይላል፣ ቪላ ባለቤቱ ብር እያለው ተጫዋች እየሸጠ ነው የሚኖረው። ቼልሲ በ2003 አብራሞቪች ባይገዛው፣ እኛንም አቡዳቢዎቹ በ2008 ባይገዙን ዛሬ የት ነበርን? ሌስተር በ2016 ዋንጫ በላ ትላላችሁ፣ ከዛ ወዲህ ማን ደገመው?

ዩናይትድ በደሜ፦ ዋናውን ጉዳይ ዘላችሁት። ሊጉ ሲቲን የገንዘብ ህጌን ጥሰሃል ብሎ ያቀረበበት 115ቱ ክስስ? ኤቨርተን ከተፈቀደው በላይ ከስሯል ተብሎ በመጋቢት 2023 ተከሶ በህዳር 10 ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ 6 ሆነ፣ ቆይቶ 2 ተጨመረ። ፎረስት 4 ተቀነሰ። ሲቲ የተከሰሰው ከኤቨርተን በፊት በየካቲት 2023 ነው፣ ችሎቱ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 2024 ተሰማ፣ እስከዛሬ ውሳኔ የለም። ጠበቃ የመክፈል አቅም ያለው ጊዜም ይገዛል ማለት ነው?

ሲቲዝን ኪቶ፦ ያኛው ሌላ መዝገብ ነው አትቀላቅል። በ2020 የአውሮፓን ኳስ የሚመራው ዩኤፋ ከአውሮፓ ውድድር ሁለት አመት አግዶን የስፖርት ፍርድ ቤቱ ሰረዘው፣ 30 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣቱንም ወደ 10 አወረደው። ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንፁህ ነው።

ቆጪ ሰማያዊ፦ ንፁህ ነው ብዬ ማመን ነው የምፈልገው፣ ከማናችሁም በላይ። ግን ዩናይትድ በደሜ ያነሳው ነው ሌሊት የሚያባንነኝ። የ115ቱ ክስ በዋናነት የሚሸፍነው ከ2009 እስከ 2018 ያለውን ነው። የ2012ቷ ዋንጫ እዛ ውስጥ ናት፣ የአጉዌሮዋ፣ ሻይ የተደፋብኝ ቀን። የእህቴ ልጅ 11 አመቱ ነው፣ ያንን ጎል እኔ ስልክ ላይ መቶ ጊዜ አይቶታል፣ ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብለን "አጎቴ ይሄን ዋንጫ ይቀሙናል እንዴ?" አለኝ። ዝም አልኩት፣ ምን ልበለው። ዛሬ ስምምነት ሲባል ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር፣ ዝርዝሩን ሳነብ ግን የልጁን ጥያቄ የሚመልስ ምንም የለውም፣ ሁለቱም አንናገርም ብለዋላ። አጥፍታችኋል ይበሉን ወይ ነፃ ናችሁ ይበሉን፣ እኔ ሁለቱንም እችላለሁ።

ዩናይትድ በደሜ፦ እንዲህ ካልክስ ይሁን። እሁድ የሲቲና የዩናይትድን ደርቢ አብረን እንየው፣ ልጁንም ይዘኸው ና፣ ወንበር እይዝላችኋለሁ።