ጥቆማ፦ ለተያያዥ ጂ+1 ቤቶች የቱ ግድግዳ፣ የቱ ሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል)፣ የቱ ብሎኬት?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በማኅበር ስድስት ተያያዥ ጂ+1 ቤቶች ልንሠራ ነው። አንዱ አባል ታች ሱቅ መክፈት ይፈልጋል፣ ሌላው ቆይቶ ላይኛውን ለብቻ ማከራየት። ክፍሎቹ በኋላ ያለ ብዙ ማፍረስ እንዲቀያየሩ ምን ትመክሩናላችሁ?

የስትራክቸር መሐንዲስ፦ የማይነካውንና የሚነሳውን ዛሬውኑ ለዩ። የማይነካው ኮለንና ቢም (የኮንክሪት ምሰሶውና አግድሙ)፣ በሁለት ቤት መሃል ያለው የጋራ ግድግዳ፣ ደረጃውና የቧንቧ ሻፍቱ (ቧንቧዎቹ የሚወርዱበት ክፍተት) ነው። የቀረው ሁሉ ቀላል ፓርቲሽን (ከፋፋይ ግድግዳ) ይሁን።

ለፓርቲሽኑ ጂፕሰም ቦርድ፣ አግሮስቶን የሚባለው የማግኒዥየም ሰሌዳና ባለ 10 ሳንቲ ብሎኬት አሉ። የእኔ ምርጫ ጂፕሰም ነው። በብረት ፍሬም ላይ ሁለት ፊቱ የለበሰ ጂፕሰም በካሬ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ተለስኖ ያለቀው ባለ 10 ብሎኬት ከ200 ኪሎ ያልፋል። ጂፕሰሙን ሁለት ሜትር ብታሸሹት ሶሌታው ላይ የሚያሳስብ ጫና አያመጣም። ብሎኬቱ ግን ከሥሩ ቢም ከሌለው ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድም። አግሮስቶን ኮንዶሚኒየም ላይ ስለተለመደ የሚገጥመው ባለሙያ አይጠፋም፤ ሆኖም ማግኒዥየም ክሎራይድ ስላለበት እርጥበት ይስባል፣ ያልበዋል፣ ብሎኑን ያዝገዋል። መታጠቢያ ቤት አጠገብ አታስገቡት።

የቤቱን ስፋት ከቦርዱ ልክ አውጡ። ቦርዱ 1.20 በ2.40 ነው። ከልስን እስከ ልስን 4.80 ከሆነ አራት ቦርድ ሳይቆረጥ ይገባል። በዚህ ላይ ባለ 20 ብሎኬቱንና በግራ በቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ልስኑን ደምሩ፤ ከአክሲስ እስከ አክሲስ (ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል) 5.04 ይመጣል። ለቁጥር ያምራል ብላችሁ 5.00 ካደረጋችሁት በየግድግዳው አራት ሳንቲ ስትቆርጡ ትከርማላችሁ።

ደረጃው ከጋራ ግድግዳው ጎን ቀጥ ብሎ ይውጣ፦ የፎቁ ከፍታ 2.80 ከሆነ 16 እርከን በ17.5 ሳንቲ፣ 15 መርገጫ በ27 ሳንቲ፣ ርዝመቱ 4.05 ሜትር። ከመግቢያው በር አጠገብ ከጀመረ በታችኛው ሳሎን ሳይታለፍ ላይኛው ቤት ለብቻው ይከራያል።

የሱቁን ነገር ግን አትዘግዩበት። ታች ያሉት የብሎኬት ግድግዳዎች በኋላ ከተነሱ ላይኛው ፎቅ ከባድና ድርቅ ያለ፣ ታችኛው በኮለን ብቻ የቆመ ባዶ ይሆናል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ሱቁ ከአሁኑ ፕላኑ ላይ ይግባና ኮለኖቹ በዚያ ልክ ይሰሉ።

የሳይት ፎርማን፦ ኢንጂነሩ ባሉት ላይ ስለ ብሎኬት ልጨምር። በዋጋ ብቻ አትምረጡ። አምራቹ ግቢ ሂዱና ሁለት ብሎኬት አጋጩ፤ ጥሩው ይጮኻል፣ ደካማው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ጠርዙን በጥፍር ስትፍቁት ከረገፈ ተዉት። ከክምሩ መሃል አንድ አስወጡ፦ ውሃ የሚረጨው ለይምሰል ከሆነ ላይኞቹ እርጥብ፣ የመሃሉ ደረቅና አመድማ ነው። ትኩስ ብሎኬት ደግሞ ከተገነባ በኋላ ይሰበሰብና ልስኑን በመጋጠሚያው መስመር ይሰነጥቀዋል። አንድ ወር የሞላውን ጠይቁ። ለአንድ ካሬ ከ12 እስከ 13 ፍሬ ያዙ።

ግንበኛ በካሬ ከተቀጠረ ይፈጥናል፣ የቁም መጋጠሚያውን ግን ባዶ ይተወዋል። የጎረቤት ወሬ የሚሰማው በዚያ ነው። ክፍያው በካሬ ይሁን፣ ግን ከመለሰኑ በፊት ማታ በአምፖል ፈትሹ፤ ብርሃን ካሳለፈ ማልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ይሞላ። የጋራ ግድግዳው ኮርኒስ ላይ አይቁም፣ እስከ ቆርቆሮው ሥር ይድረስ። ኮርኒስ ላይ ከቆመ ድምፅም እሳትም በላይ ይሻገራል። የሶኬት ቀዳዳ ከጎረቤት ሶኬት ጋር ጀርባ ለጀርባ አይቆረጥ፤ ቢያንስ 60 ሳንቲ ይራራቅ።

ሌላ መልስ ሰጪ፦ ለሶሌታው ስድስቱም ቤት አንድ ዓይነት ስለሆነ ፕሪካስት (ቀድሞ ተሠርቶ የሚመጣ) ቢም በመሃሉ ከሚደረደር ብሎኬት ሙሌት ጋር ያዋጣችኋል፤ የፎርምወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ ጣውላ) ጣጣው ይቀንሳል። ላዩ ላይ 6 ሳንቲ ኮንክሪት ከሽቦ መረብ ጋር ይፈሳል። ቢሙ ሲሸከሙት ከጫፍና ከጫፍ ይያዝ፤ መሃሉን ብቻ ይዘው ካነሱት ይሰነጠቃል። መሃል ላይ የቆመው ድጋፍ ቢያንስ 14 ቀን አይነቀል። መታጠቢያው ሥር ግን ሙሉ ሶሌታ አስፈስሱ፤ ቧንቧ ሠራተኛው ለሽንት ቤቱ የ110 ሚሊሜትር ቧንቧ ሲያሳልፍ ቢም ላይ ከደረሰ ከመቁረጥ አይመለስም።

የቧንቧ ባለሙያ፦ ላይኛው መታጠቢያ በታችኛው ኩሽና አናት ላይ ይሁን፣ ሁለቱም በአንድ ሻፍት ይውረዱ። ሻፍቱ 60 በ100 ሳንቲ ይበቃል፣ በየፎቁ የሚከፈት በር ይኑረው። የፍሳሹ ስሎፕ (ቁልቁለት) በሜትር ሁለት ሳንቲ ይሁን። ላይኛው ለብቻ የሚከራይ ከሆነ የውሃ መስመሩ ከአሁኑ ተለይቶ ለሁለተኛ ቆጣሪ ቦታ ይተውለት። 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ በኮለን አናት ላይ አስቀምጡት፣ ሶሌታው መሃል አይደለም።