የወላጆችን ፎቶ በየዓመቱ ሲያነሱ ሳይለወጥ መቆየት ያለበት ምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ወላጆቼንና እኛን ልጆቻቸውን በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ፎቶ እያነሳሁ፣ ፊታችን ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጥ ጎን ለጎን እንዲታይ ማድረግ እፈልጋለሁ። ያለኝ የስልክ ካሜራ ብቻ ነው። ሳይለወጥ መቆየት ያለበት ልብሱ ነው ወይስ ቦታው? እናቴ ደግሞ «ካረጀሁ ወዲያ የምን ፎቶ ነው» እያለች ትሸሻለች።

መልስ 1፦
አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኒኮላስ ኒክሰን ባለቤቱንና ሦስት እህቶቿን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሲያነሳ ልብሱንም ቦታውንም ይለዋውጥ ነበር። ያልነካው ቅደም ተከተላቸውን ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ከማን ቀጥላ እንደምትቆም አንዴ ከተወሰነ በኋላ እንደዚያው ቀጠለ። በዚህ ምክንያት ተመልካቹ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በመለየት ሳይደክም ዓይኑን በቀጥታ ለውጡ ላይ ያሳርፋል። እርስዎም ስለ ልብስ ብዙ አይጨነቁ።

መልስ 2፦
የኒክሰን ሥራ ውብ ቢሆንም ለተጠየቀው ዓላማ የሚቀርበው የአርጀንቲናዊው ፎቶ አንሺ የዲዬጎ ጎልድበርግ አሠራር ይመስለኛል። እሱ ከ1976 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ ሰኔ 10 ቀን፣ በአውሮፓውያን ጁን 17፣ የቤተሰቡን አባላት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ከፊት ለፊት ሲያነሳ ቆይቷል።

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት ርቀቱ ነው። ስልክ ፊት ድረስ ሲጠጋ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ከቅርብ፣ ለከርሞ ከሩቅ ካነሱ የርቀቱ ልዩነት የዕድሜ ለውጥ መስሎ ይታያል። ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዙም ያንሱ። ፊት የሚያለሰልሰውን ማሳመሪያም ያጥፉት፤ አንዳንዱ ስልክ ሳይጠየቅ የፊትን መጨማደድ ስለሚደመስስ የሚፈልጉትን ነገር ራሱን ይወስድብዎታል። ፍላሽ ሳይጠቀሙ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ቢያስቀምጧቸው ይበቃል።

መልስ 3፦
ስለ እናትዎ አንድ ነገር ልጨምር። በዓል ነውና ወጥ ቤት ሲባትሉ ውለው የደከሙበትን ሰዓት አይምረጡ፤ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቡና ተጠጥቶ ሰው ሁሉ ረጋ ሲል ከሁሉም በፊት እሳቸውን ያስቀምጡ። «ፈገግ በይ» ብሎ ማስገደድም አያስፈልግም፤ የቀድሞ ሰዎች ፎቶ ቤት ገብተው ኮስተር ብለው ነበር የሚነሱት፣ ምንም አልጎደለባቸውም። ፎቶውን በስልክ ብቻ አያስቀሩት፤ በየዓመቱ አሳጥበው አንድ ቅጂ ለእሳቸው ይስጡ፣ ከጀርባውም ዓመተ ምሕረቱንና ስማቸውን በእርሳስ ይጻፉበት። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ሊያልፍ ይችላልና ባይጠቀሙበት ይመረጣል።