የእናቴ ሆሞሲስቴይን ከፍ ብሏል፤ ስለ አጥንቷ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ግንቦት ላይ ደጅ አዳልጧት ወደቀችና የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ከደረጃ አይደለም፣ ከጣሪያ አይደለም፣ ቆማ ነው የወደቀችው። ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

ለስኳሯ ሜትፎርሚን ከጀመረች 11 ዓመት ሆኗታል። ጾም አታፈርስም፤ የሐይቁን ዓሣ እንኳ በጾም አትነካም (በዚህ ከጎረቤት ጋር ስትከራከር ነው የምትውለው)። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። ሆሞሲስቴይን የሚባለው አሚኖ አሲድ 24 ማይክሮሞል በሊትር ሆነ፤ ብዙ ጊዜ ከ15 በታች ነው የሚፈለገው። ቫይታሚን ቢ12 160 ፒኮግራም በሚሊሊትር፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ሜትፎርሚኑም በጾም ከእንስሳት ምግብ መራቋም ሊያወርዱት ይችላሉ። ኩላሊቷ ደህና ነው።

እኔ ቸኩዬ ሆሞሲስቴይኑን ያወርዳል ብዬ ፎሊክ አሲድ (ሌላ የቢ ቫይታሚን) 5 ሚሊግራም ገዛሁላት። ከ3 ወር በኋላ ሆሞሲስቴይኑ 21 ላይ ነው፤ ይባስ ብሎ እግሯን ይደነዝዛት ጀመር። ቢ12 ሳይሞላ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲሰጥ የደም ማነሱን እየሸፈነ የነርቭ ጉዳቱ ሊቀጥል እንደሚችል የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አሁን በሐኪም ትእዛዝ የቢ12 መርፌ ጀምራለች።

ግራ የገባኝ አጥንቷ ነው። በ2004 የወጡ ጥናቶች ሆሞሲስቴይናቸው ከፍ ያለ አረጋውያን አጥንታቸው ይበልጥ እንደሚሰበር አሳይተዋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ግን ከ2,900 በላይ አረጋውያን ለ2 ዓመት ተጠንተው፣ ቢ12 ከፎሊክ አሲድ ጋር መውሰዱ በአጠቃላይ ስብራትን አልቀነሰም።

ብሬ ውስን ነው። መርፌው ሆሞሲስቴይኗን እስኪያወርደው ልጠብቅ፣ ወይስ አሁኑኑ አዲስ አበባ ወስጄ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ላሠራላት?