«አማይድን ወደ አሚን መቀየር»፦ ሽግሽግ ነው ፍልሰት?

ፊደል ወዳድ፦ «አማይድን በሃይፐርቫለንት አዮዲን ወደ አሚን መቀየር» የሚል ርዕስ እየተረጎምኩ ነው። «መቀየር» ይበቃል? «ሃይፐርቫለንት»ንስ ምን እንበለው?

የቤተ ሙከራ ሰው፦ አይበቃም። በሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድም አማይድ (ናይትሮጅኑ ከካርቦኒል፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ ከተያያዘ ካርቦን፣ ጋር የተያያዘ) አሚን (ናይትሮጅኑ ካርቦኒል የሌለበት) ይሆናል፤ ያኔ ግን ካርቦን አይጎድልም። ይህ ሆፍማን በ1881 በብሮሚንና በአልካሊ ያሳየው መንገድ ነው፤ አዮዲኑ ብሮሚኑን ተካ። ካርቦኒሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። «መቀየር» ብቻ ያነበበ ተማሪ የተሳሳተ ሞለኪውል ይስላል። እኔ «የሆፍማን ሽግሽግ» እላለሁ።

ግዕዝ ቤት፦ ሽግሽግ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ለመጪው ቦታ ሲለቁ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲጠጋ ነው። እዚህ የሚነሳው አንድ የአቶሞች ቡድን ብቻ ነው፤ ከካርቦኒሉ ለቆ ናይትሮጅኑ ላይ ያርፋል። «ፈለሰ» ይህንኑ ይላል። «ልዕለ ኃያል» ካልን ደግሞ «ልዕለ ቫለንስ» ማለት አይከብድም።

የቤተ ሙከራ ሰው፦ ለእርምጃው «ፍልሰት»ን ተቀብያለሁ፤ ቡድኑም ሳይገለበጥ፣ ቅርጹን እንደያዘ ነው የሚፈልሰው። ለጠቅላላው አፀግብሮት ግን ሽግሽግ ይሁን። «ልዕለ» በትክክል ገብቷል፦ ሦስት ቦንድ ባለው አዮዲን ዙሪያ ከተለመደው 8 አልፎ 10 ኤሌክትሮን አለ።

በተግባር እንየው። 6.45 ግራም ፒፋ (PIFA፣ ልዕለ ቫለንስ አዮዲን የያዘው ውህድ፤ 15 ሚሊሞል) በ15 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል አሟሟ፤ 15 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቀጥሎ 0.99 ግራም ሳይክሎቡታንካርቦክሳማይድ (10 ሚሊሞል) ጨምር። ብልቃጡን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነህ በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት አማስለው። አሴቶናይትራይሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር አስወግድ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረህ በኤተር እጠብ። ከፒፋው የተረፈው አዮዶቤንዚን ከኤተሩ ጋር ይወጣል፤ አሚኑ ጨው ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

በመሀል ቤዝ እንዳትጨምር! አፀግብሮቱ ሲካሄድ ከፒፋው የሚወጣው አሲድ አሚኑን ጨው አድርጎ ስለሚይዘው ነው፣ አሚኑ በመሀል ከሚፈጠረው አይሶሳያኔት (ቡድኑ ናይትሮጅኑ ላይ እንዳረፈ ከሚገኘው፣ ካርቦኒሉ ገና ካልወጣለት ውህድ) ጋር የማይጣበቀው። ነፃ ከወጣ የዩሪያ ተዋጽኦ ይሆንብሃል።

ግዕዝ ቤት፦ «ተዋጽኦ» የምትለዋ አትቅር። «ዩሪያ ይሆናል» ብቻ ከተባለ አንባቢው የሚያስበው ማዳበሪያውን ነው።

ፊደል ወዳድ፦ ለማንኛውም አማይድ ይሠራል?

የቤተ ሙከራ ሰው፦ አይሠራም። ናይትሮጅኑ ሁለት ሃይድሮጅን ሊኖረው ይገባል። ቤንዛማይድንና መሰሎቹን (አማይዱ በቀጥታ ቤንዚን ቀለበት ላይ ያለባቸውን) በዚህ መንገድ አትሞክር፤ የሚወጣውን አኒሊን (ቤንዚን ቀለበት ላይ ያለ አሚን) ፒፋው ራሱ ኦክሲዳይዝ ያደርገውና ብልቃጡ ይጠቁራል።

ግዕዝ ቤት፦ ሁለት ሃይድሮጅን ያለውን «የመጀመሪያ ደረጃ» ስትሉት ትምህርት ቤት ይመስላል። «ቀዳማይ» በሉት።

ፊደል ወዳድ፦ እንግዲህ፦ «ቀዳማይ አማይድን በልዕለ ቫለንስ አዮዲን፣ በሆፍማን ሽግሽግ፣ በአንድ ካርቦን ወዳጠረ አሚን መለወጥ»።

የቤተ ሙከራ ሰው፦ «ወዳጠረ»ን በ«ወዳነሰ» ተካው። ከላይ ባለው ምሳሌ የጠፋው ካርቦን ከቀለበቱ ውጭ ያለው ነው፤ ባለ አራቱ ቀለበት እንዳለ ነው፣ ያጠረ ነገር የለም።