በነፃ ሶፍትዌር የወጣ የብራውዘር ሂስትሪ ችሎት ይቅረብ ወይስ አይቅረብ?

ጠያቂው፦ ወገኖች፣ ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ስለ ብራውዘር ሂስትሪ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የተከፈቱ ገጾች ዝርዝር፣ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። «የሰው ሕይወት የሚወሰነው ገንዘብ በተከፈለበት ሶፍትዌር ብቻ ነው፤ ነፃው ለቤት ይሁን» አለኝ። በፍጹም አልተቀበልኩትም። የኬሲ አንቶኒን ችሎት አስታውሱ። 2011 እ.ኤ.አ.፣ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ። ልጇን ገድላለች ተብላ ተከሳ ዐቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ጠይቆባት ነበር። ክሎሮፎርም ስለሚባል ማደንዘዣ ኬሚካል የሚያወራ ገጽ በቤታቸው ኮምፒውተር 84 ጊዜ ተከፍቷል ተባለ። ቁጥሩ የወጣው ካሽባክ ከሚባል፣ በገንዘብ ከሚሸጥ ሶፍትዌር ነው። የሶፍትዌሩ ሠሪ መስክሮ ከወረደ በኋላ ሥራውን መልሶ ሲፈትሽ ግን ገጹ የተከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘው። 84ቱ ማይስፔስ የሚባለው የማኅበራዊ ትስስር ገጽ ነበር! ሴትየዋ ከግድያው ክስ ነፃ ተባለች። ባትባልስ ኖሮ?

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌህ ልብ ይነካል፤ ግን ላንተ አይመሰክርም። በዚያው መዝገብ ኔትአናሊሲስ የሚባል ሌላ መሣሪያ ትክክለኛውን «1» አውጥቶ ነበር። እሱም የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የዋጋ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚሸጠው ሲሳሳት ሠሪው ችሎት ቀርቦ ይጠየቃል። ነፃው ሲሳሳት ማንን ልጥራ?

የላቦራቶሪ ሰው፦ እህቴ፣ የተጠቀመበትን ባለሙያ ጥሪዋ! ሶፍትዌሩን ሳይሆን እሱን ነው መያዝ ያለብሽ። የዚያን ጊዜ ፋየርፎክስ የሚባለው ብራውዘር ሂስትሪውን ሞርክ በሚባል ለማንበብ አስቸጋሪ በሆነ ፎርማት ነበር የሚያስቀምጠው። ካሽባክን ያሳሳተው እሱ ነው። ዛሬ ክሮም የሚባለው ብራውዘርም ፋየርፎክስም ኤስኪውላይት የሚባል፣ በሰንጠረዥ የተዋቀረ የመረጃ ቋት ይጠቀማሉ። ሂንድሳይት የሚባል ነፃ መሣሪያ የክሮምን ሂስትሪ አውጥቶ ያሳይሻል፤ ኮዱ ክፍት ነው፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ። ካላመንሽው ያንኑ ፋይል ዲቢ ብራውዘር በሚባል የመረጃ ቋት መክፈቻ ከፍተሽ ሰንጠረዡን በዓይንሽ ታያለሽ። ይህም ነፃ ነው።

የሚያስፈራኝ ሰዓቱ ነው። ክሮም ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1፣ 1601 ጀምሮ በማይክሮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮንኛ፣ ነው። ፋየርፎክስ ደግሞ ከ1970። መሣሪያው ይህን ወደ ዩቲሲ፣ ወደ ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ይቀይርልሻል። ከዚያ የእኛ ጣጣ ይመጣል። ሪፖርቱ 18፡30 ካለ አዲስ አበባ 21፡30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3፡30። እኔ ራሴ አንዴ «ከምሽቱ 12፡30» ብዬ ጽፌ አለቃዬ ነው የያዘኝ። ሦስት ሰዓት እኮ አንድን ሰው ከቤቱ አውጥቶ ወንጀሉ ቦታ ያቆመዋል። የከፈልሽበት ሶፍትዌርም ከዚህ አያድንም።

ተማሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ነፃ ሁሉ ክፍት አይደለም። የኒርሶፍት መሣሪያዎች በነፃ ይወርዳሉ፤ ኮዳቸውን ግን አታዩም። ኦቶፕሲ የሚባለው የኮምፒውተር መመርመሪያና ሂንድሳይት ግን ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው።

ጠያቂው፦ ይሄንን ነው የፈለግኩት! ዐቃቤ ሕግ ውድ ላይሰንስ ገዝቶ ሲመጣ፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆመለት ድሃ ተከሳሽ በምን ይፈትሸው? ክፍት መሣሪያ ከሆነ ያንኑ ፋይል ወስዶ ያንኑ ሥራ ይደግመዋል።

ጠበቃዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ፋይል በሁለት መሣሪያ ይታይ፤ ልዩነት ካለ ዳኛው ፊት ይነበብ። ግን አንድ ነገር አትርሱ። አካውንቱ ሲንክ ከተደረገ፣ ማለትም በመሣሪያዎቹ መካከል ከተገናኘ፣ ስልክ ላይ የተከፈተ ገጽ ላፕቶፑ ሂስትሪ ውስጥም ይገባል። ቤተሰቡ በአንድ አካውንት ሲጠቀም የማን ጣት ነው? ይህን የትኛውም መሣሪያ አይነግረኝም።

የላቦራቶሪ ሰው፦ ልክ ነሽ፤ እኛም ሪፖርት ላይ «ተከሳሹ ከፈተ» ብለን መጻፍ የለብንም። «በዚህ አካውንት ተከፍቷል» ነው የሚባለው። ፋይሉም ከነሀሹ፣ ከፋይሉ ከሚሰላው እንደ ጣት አሻራ ካለው ቁጥር ጋር፣ ይሰጥሽ፤ ሻ-256 በሚባለው ስሌት ሀሹን አስልተሽ ሲገጥም ፋይሉ እንዳልተነካ ታያለሽ።

ጠበቃዋ፦ ይሰጥሽ አልክ? እስካሁን በያዝኳቸው መዝገቦች የደረሰኝ የታተመ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን በየትኛው መሣሪያ ልክፈተው?