ኪፈር ፒር ቁመት ብቻ ሆነ፣ አበባ የለም

እመት ጓሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒር የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። አራት ኪሎ፣ ግቢ ውስጥ የተዳቀለ ኪፈር ፒር አለ፣ ከተተከለ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ግንዱም ከታች የእጅ አንጓ ያህል ወፍሯል። ቅርንጫፎቹ እንደ መጥረጊያ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ብቻ ይሄዳሉ። እስካሁን አንድም አበባ አላሳየም። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ጨርሶ አይረግፍም። የካቲት ላይ ጫፍ ጫፉ ያቆጠቁጥና መሐሉ ራቁቱን ይቀራል። በግንቡ በኩል ያሉት ለጋ ቅጠሎች ደግሞ ቢጫ ናቸው፣ ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ነው።

የሚደረግለት ይህ ነው፦ በዓመት ሁለቴ ሁለት ሁለት እፍኝ ዩሪያ፣ በበጋ በሳምንት ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አልፎ አልፎ የምድጃ አመድ። ችግኙ ሲሸጥ "ጠንካራ ዝርያ ነው፣ የትም ይበቅላል" ተብሎ ነበር። ተነቅሎ አቮካዶ ይተካ ወይስ ተስፋ አለው?

ሰንሰል፦
አይንቀሉት። "ጠንካራ" መባሉ ውሸት አይደለም፣ ጥንካሬው ግን እርስዎ ግቢ ላለው ችግር አይደለም። ኪፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፊላዴልፊያ አጠገብ የተገኘ የእስያና የአውሮፓ ፒር ድቅል ነው። የተመሰገነው ውርጭን፣ ሙቀትንና ፋየር ብላይት የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ ከብዙዎቹ የተሻለ ስለሚችል ነው። አዲስ አበባ ላይ ዛፉን የሚጎዳው ብርድ ሳይሆን የብርድ ማነስ ነው።

ፒር ቅጠሉን አራግፎ መተኛት አለበት፣ ተኝቶም ብርድ ማግኘት አለበት። የሚቆጠረው ከ7 ዲግሪ በታች ያለፈው ሰዓት ነው። ለኪፈር 350 ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል፣ ባርትሌት የሚባለው ዝርያ ግን 800 ገደማ ይጠይቃል፤ ባርትሌት ተክሎ እዚህ ፍሬ የሚጠብቅ ሰው ካለ ከአሁኑ ይተወው። መሐል ከተማ ኅዳርና ታኅሣሥ ጎህ ሲቀድ ቴርሞሜትሩ ለጥቂት ሰዓት 7 እና ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ቀን ግን ከ20 በላይ ይወጣል። ከ16 ዲግሪ በላይ የሆነው የቀን ሙቀት ሌሊት የተጠራቀመውን መልሶ ይበላዋል። ጨንቻ ላይ አፕል የሚሆነው ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ጭምር ነው። ጫፉ ብቻ ነቅቶ ጎኑ የሚቀረው የእርስዎ ዛፍ በደንብ ያልተኛ ዛፍ ነው።

ስለዚህ ጠልቆ ሳይተኛ ቅጠሉን በእጅ አራግፎ መቀስቀስ ነው። የብርድ ወቅት የሌለው ሞቃት አገር ላይ አፕል የሚያለሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ፒር እንደ አፕል ቶሎ አይታዘዝም፣ ከኪፈር ጋር ግን መሞከር ያዋጣል።

ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ውሃ ያቁሙ። ቅጠሉ ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታም ካልተመለሰ አንድ ጀሪካን ብቻ ይስጡ። ኅዳር 20 አካባቢ ቅጠሉን በሙሉ በመቀስ ያራግፉ። አይጎትቱት፣ ቅጠሉ ሲጎተት ከሥሩ ያለውን ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበትን) ይዞት ይመጣል። የቅጠሉን ዘንግ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡ፣ የቀረው በሳምንት በሁለት ሳምንት ራሱ ይወድቃል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያለ ውሃ ይቆይ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ አራት ጀሪካን በቅጠሉ ጥላ ዳርቻ ልክ ያጠጡ፣ ግንዱ ሥር አይደለም። ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ጀሪካን። ዓይኖቹ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ማበጥ አለባቸው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሰው ቀኑን ያሳልፍና ጥር መጨረሻ ላይ ያራግፋል፤ ዓይኑ እስከዚያ ጠልቆ ይተኛና ዛፉ እስከ መጋቢት ራቁቱን ይቆማል። ሁለተኛ፣ ራቁት ግንድ ላይ የበጋ ፀሐይ ሲያርፍ ልጡ ይሰነጠቃል። ነጭ የግድግዳ ቀለም፣ በውሃ የሚበጠበጠውን ዓይነት፣ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው ግንዱንና ወፋፍራም ቅርንጫፎቹን ከምዕራብ በኩል ይቀቡት። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ችግኝ ደግሞ ጨርሶ አይራገፍም፣ ስንቁ ገና ነው።

እንቅልፍ የሚቀሰቅስ ኬሚካል አለ የሚሉ ይመጣሉ። ሃይድሮጅን ሲያናማይድ ማለታቸው ነው። መርዝ ነው፣ በተለይ ከመጠጥ ጋር። ልጅና ዶሮ ያለበት ግቢ ውስጥ ቦታ የለውም።

መረሬ፦
ሰንሰል ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ቢጫው ግን ሌላ በሽታ ነው። ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። አሮጌው ቅጠል እኩል ቢጫ ቢሆን ናይትሮጅን እንል ነበር። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ላይጠፋ ይችላል፤ ኖራ የበዛበት አፈር ይዞት ሥሩ እንዳይወስደው ያደርጋል። ግንብ ሥር ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተቀበረ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግንበኛ የተረፈውን ሁሉ እዚያው ነው የሚቀብረው። አመዱም ያንኑ ያባብሳል፣ ዛሬውኑ ይቁም።

ለማወቅ ከግንቡ አጠገብ 30 ሴንቲሜትር ቆፍረሽ ከሥር አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር አውጪና አቼቶ አፍስሺበት። ከፈላ ኖራ አለ።

እመት ጓሮ፦
ከግንቡ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ያለው አፈር አቼቶ ሲነካው በደንብ ፈላ፣ ነጫጭ ቁርጥራጭም አለው። በሌላው በኩል ያለው ቀይ አፈር ምንም አላለም። አሁን ምን ያህል ይቆፈር? ስለ ቅርንጫፎቹስ ምን ይደረግ? ጎረቤት "ጫፉን አንድ ሜትር ቁረጪውና ጎኑ ይሰፋል" እያለ ነው።

መረሬ፦
ከግንዱ 80 ሴንቲሜትር ሳትጠጊ፣ በግንቡ በኩል 40 ሴንቲሜትር ስፋትና 50 ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሪ። ፍርስራሹን ልቀሚና በቀይ አፈር ሁለት እጅ፣ በበሰለ ኮምፖስት አንድ እጅ መልሰሽ ሙዪው። ወፍራም ሥር ካጋጠመሽ አትቁረጪ፣ ዙሪያውን በእጅ አጽጂ። ይህ በአንድ ወር ውጤት አያሳይም። ለጊዜው ቅጠሉ ላይ የሚረጭ ኪሌት የሆነ (ተክሉ በቀላሉ እንዲወስደው የተዘጋጀ) ብረት ከግብርና ግብዓት ሱቅ ገዝተሽ እሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን ጠዋት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ እርጪ። ቀትር ላይ ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥላል። ደግሞ የረጨሽው ቅጠል እንጂ ቀጥሎ የሚወጣው አይለመልምም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስቴ ይደገማል።

ዝገት ሚስማር መቅበር የሚባለው አይሠራም። የሚስማሩንም ብረት ኖራው ይይዘዋል።

መቀስና ሲባጎ፦
እህቴ፣ ጎረቤትሽን አትስሚው! ፒር ጫፉ ሲቆረጥ ከቁራጩ ሥር አራት አምስት አለንጋ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ መጥረጊያው ይበረክታል እንጂ አይሰፋም። አበባው የሚመጣው ከሁለት ዓመት በላይ በሆነ እንጨት ላይ፣ አጫጭርና ሽብሽብ ካሉ ጉጦች ነው። ጉጡ የሚፈጠረው ቅርንጫፍ ሲተኛ ነው። የቆመ ቅርንጫፍ ኃይሉን ሁሉ ወደ ጫፉ ይልካል።

ስለዚህ ማጉበጥ ነው ሥራው። አንድ መሐል ግንድ ትተሽ በዙሪያው አራት ወይም አምስት ቅርንጫፍ ምረጪ፣ አንዱ ከሌላው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ የሚለያይ፣ አቅጣጫውም የተለያየ። ከመሐሉ ግንድ ጋር የሚወዳደረውን ከሥሩ አውጪ፣ ጉቶ አታስቀሪ። የተመረጡትን ከመሐል ግንዱ 60 ዲግሪ እስኪርቁ አጉብጫቸው። አውራ ጣት የማያክለው ቅርንጫፍ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ አሸዋ ሞልተሽ ብትሰቅይበት ይበቃዋል። ወፍራሙን ሲባጎ አስረሽ መሬት ላይ በተቸነከረ ካስማ ሳቢው፣ ሲባጎው ልጡን እንዳይበላው የጎማ ቁራጭ ከሥሩ አድርጊ። በአንድ ቀን አይወርድም፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅሽ አውርጂው። መሬት ድረስ ተጎንብሶ ጫፉ ከወገቡ ዝቅ ካለ ደግሞ ከጀርባው አለንጋ ያወጣል፣ ያኔ በዝቷል ማለት ነው።

ጊዜው ሰኔ ነው፣ እንጨቱ ውሃ ሲሞላ ስለሚለዝብ። የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚወሰነው በክረምቱ ወራት ስለሆነም ነው። አሁን ያለፈው አልፏል፤ ሰንሰል የነገረሽን የዘንድሮውን ማራገፍ ሳታጎብጪ ብትጀምሪው ቅጠል ብቻ ነው የሚወጣልሽ።

መቀሱን ዛፍ በተቀየረ ቁጥር በአልኮል ጥረጊው። በረኪና ከሆነ አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት፣ አለበለዚያ ይዝጋል።

ሰንሰል፦
ሳይጎብጥ አይራገፍ የሚለው ነጥብ ትክክል ነው፣ እኔ ቅደም ተከተሉን አላልኩም ነበር። መጀመሪያ ሰኔ ላይ ማጉበጥ፣ ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ኅዳር ላይ ማራገፍ። ዩሪያው ግን እስካሁን ማንም አላነሳውም፣ ለእኔ ከብርዱ እኩል ጥፋተኛ እሱ ነው። አራት እፍኝ ዩሪያ በዓመት የሚበላ ፒር ለምን ያብባል? ዓመቱን ሙሉ ማደግ ነው የሚፈልገው። ሁለት ዓመት ጨርሶ ያቁሙት። ግንቦት ላይ ሁለት ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ከግንዱ 15 ሴንቲሜትር ርቆ ይበተን፣ በላዩ ላይ አንድ ክንድ ስፋት ጭድ ወይም ደረቅ ሣር። የዓመቱ አዲስ እድገት ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ከሆነ ምግቡ በቂ ነው፣ አንድ ሜትር ካለፈ በዝቷል።

ሁለት ዝርያ፦
ማንም ያላነሳው ሌላው ነገር ደግሞ የአበባ ዱቄት ነው። ኪፈር ብቻውን ጥቂት ይይዛል፣ አብሮት የሚያብብ ሌላ ዝርያ ካለ ግን በደንብ ይይዛል። አራት ኪሎ ላይ ሁለተኛ ፒር ያለው ጎረቤት ስለማይገኝ የሁለተኛውን ቅርንጫፍ እዚያው ዛፍ ላይ ቀጥሎ ማዳቀል ይቀላል። ለሞቃት ቦታ የሚስማሙት ፍሎርዳሆምና ሁድ የሚባሉት ዝርያዎች ብርድ ብዙ አይጠይቁም። የትኛውም የእስያ ፒር ኪፈር ላይ ይያዛል፤ አብሮ ማበቡን ግን ማየት ያስፈልጋል። ከውጭ በሻንጣ ቅርንጫፍ የሚያስመጣ ሰው ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት አያድርገው፣ ፋየር ብላይት የሚሻገረው በዚያ መንገድ ነው።

እርሳስ የሚያክል ውፍረት፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ያለው፣ የተኛ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በፌስታል ታስሮ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ አፕልና ሙዝ ከተቀመጡበት ጋር ከሆነ ግን የፍሬው ጋዝ ዓይኑን ይገድለዋል። የዋናው ዛፍ ዓይን ማበጥ ሲጀምር ሁለት ሴንቲሜትር የሚወፍር ቅርንጫፍ ተቆርጦ መሐሉ ይሰነጠቅና የመጣው እንደ ሽብልቅ ተቀርጾ ይገባል። ዋናው ነገር ከልጡ ሥር ያለው አረንጓዴ መስመር ከአረንጓዴ መስመር ጋር መግጠሙ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ዳር ተጠግቶ ይገባል፣ የሁለቱ ልጥ ውፍረት አይመሳሰልምና። ሁለት ጣት ስፋት ባለው የፌስታል ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፣ ጫፉ ላይ የቀለጠ ሻማ ይንጠብ፣ ግን የማያቃጥል ሆኖ።

እመት ጓሮ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጥር ላይ ቢያብብ ፍሬው መቼ ይደርሳል? ክረምት ውስጥ ከሆነ አይበሰብስም?

ሰንሰል፦
ከአበባ እስከ ለቀማ አምስት ወር ከምናምን ስለሆነ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይወድቅብዎታል። ዝናቡ የማይቀር ነው። ለዚህ ነው ፍሬው ዋልነት ሲያክል ከእያንዳንዱ ጉጥ አንድ ብቻ አስቀርተው፣ ፍሬ ከፍሬ 15 ሴንቲሜትር አራርቀው በወረቀት ከረጢት መሸፈን ያለብዎት። ከረጢቱ ታች ጥጉ ተቀዶ ውሃ ይውጣበት። የፍራፍሬ ዝንብና ወፍም በዚያው ይመለሳል። ማሳሳቱን አይዝለሉ፣ ኪፈር ከያዘለት የራሱን ቅርንጫፍ እስኪሰብር ይሸከማል።

ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ መጠበቅ ፒር የሚያበላሸው ትልቁ ስህተት ነው፤ ከውጭ ደህና ይመስልና ውስጡ ከዘሩ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። ጥቁር አረንጓዴው ወደ ፈዛዛ ሲሄድ ፍሬውን በመዳፍ ይዘው ወደ ጎን ያንሱት። ዘንጉ ከጉጡ ላይ ቀጭ ብሎ ከተላቀቀ ደርሷል፣ ካስቸገረ ሳምንት ይጠብቅ። ካርቶን ውስጥ በጋዜጣ ተለያይቶ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። የሐምሌ የክፍል ሙቀት ልኩ ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አንገቱ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከሰጠ ይበላል።

ሲበላ ጥርስ ላይ አሸዋማ መሆኑ ከዝርያው ነው፣ የበሽታ ምልክት አይደለም። ለማርማላታ ከሆነ ግን ሳይለሰልስ፣ ገና ጠንከር ሳለ ነው የሚቀቀለው።