ጤና መድን ዘንድሮ ይታደስ ወይስ ይቅር? መድኃኒቱስ የት ይገባል?

የቢቸናው፦
ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም በኩል የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዕድሳት ደርሶ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው፤ መዋጮው ከአምናው ጨምሯል። ሰዉ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ «የመድን ደብተር ይዘን ስንሄድ ካርዱና ምርመራው በነፃ ነው፤ መድኃኒት ላይ ስንደርስ ‹የለም፣ ከውጭ ግዙ› ነው። ታዲያ የምንከፍለው ለምኑ ነው?» ይላል። ሌላው «አልጋ ስትይዝ ታየዋለህ» ይለዋል።

ቤተሰቡ ባልና ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች 3 ልጆች፣ አንድ የ20 ዓመት ልጅና ስኳር ያለባቸው እናት ነው። በአንዱ መዋጮ ማን ማን ይገባል? መድኃኒት ከውጭ ሲገዛ ገንዘቡን ማስመለሻ መንገድ አለው? ከሁሉ በላይ ግን መድኃኒቱ የሚጠፋበትን ምክንያት የሚያውቅ ያስረዳን። መንግሥት ማሻሻያ እያለ መዋጮ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ነገሩ አልገባንም።

ባለደብተሩ፦
ወንድሜ፣ በአንዱ መዋጮ የሚገቡት ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የ20 ዓመቱ ልጅና እናትዎ እዚያው ጣሪያ ሥር ቢኖሩም «ተጨማሪ አባል» ስለሚባሉ በነፍስ ወከፍ ይታሰብባቸዋል። እናትዎ የራሳቸው ቤትና የመሬት ደብተር ካላቸው ለብቻቸው እንደ አንድ እማወራ መመዝገብ ይችላሉ። አቅም የሌላቸው ከሆኑ መዋጮው በክልሉና በወረዳው በጀት ይሸፈናል። ምርጫው ግን በቀበሌው ሕዝብ ፊት ነው፤ ስማቸው ያልተነሣ ሰው በኋላ ቢሮ ለቢሮ ቢመላለስ ጫማ ከመጨረስ በቀር አያተርፍም።

ከቤተሰቡ የታመመውን ብቻ ነጥሎ ማስመዝገብ አይቻልም። የሚከፍለው በሽተኛው ብቻ ከሆነማ ዕድር አይደለም፣ የሐዘንተኞች ስብስብ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ደብተሩ ላይም የዘመኑ ዕድሳት መመታቱን እዚያው ይዩ። የሁሉም አባል ስም ካርድ ክፍል ካለው ስም ጋር አንድ ይሁን። ደብተሩ «ወለተ ማርያም» ብሎ ካርዱ «ይመኙሻል» ካለ ጤና ጣቢያው ያከማቸው ሒሳብ ወረዳው ላይ ሲደርስ ውድቅ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መዝጋቢው እናትዎን በር ላይ የሚመልሳቸው ከክፋት ሳይሆን ያንን ፈርቶ ነው።

ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ሪፈር ሳይያዝ ቀጥታ ሆስፒታል ከተሄደ መድኑ የሚችለው ግማሹን ነው። ድንገተኛ ሕመም ሪፈር አይጠይቅም። ባሕር ዳር ድረስ የሚላክ ሰው ካለ ደግሞ ወረዳው ከዚያ ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው ከመሳፈሩ በፊት ይጠይቅ። መነፅር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና ደብተር ቢኖርም ባይኖርም ለሁሉም ነፃ ናቸው።

ስለ ማስመለስ፦ አንዳንድ ወረዳ ገንዘቡን ይመልሳል፣ አንዳንዱ ውል ወደ ያዘበት ፋርማሲ ይልካል። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ከመግዛትዎ በፊት ይወቁ። የሚመልስ ከሆነ ማዘዣው ውል ካለው ጤና ተቋም የወጣ መሆን አለበት፤ ፋርማሲው ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ይፈርምበት፣ ማህተም ይምታበት። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ያስነሡ፤ የግል ፋርማሲ ዋናውን ማዘዣ ያስቀረዋልና። ደረሰኙ የታካሚውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ብዛትና ነጠላ ዋጋ ይያዝ። «መድኃኒት» ብሎ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ የጻፈ ደረሰኝ ገንዘብ አይመልስም። ሌላው ወጥመድ ስም ነው፦ ማዘዣው «አምሎዲፒን» ይላል፣ ደረሰኙ የፋብሪካውን የንግድ ስም ይላል፣ የወረዳው ሒሳብ መርማሪ «ይህ ያልታዘዘ ነው» ይላል። ሻጩ ሁለቱንም ስም እንዲጽፍልዎ ይለምኑት።

ቢን ካርድ፦
መድኃኒቱ የት ይገባል ለተባለው። ብዙ ሰው «ባለሙያው ወደ ግል ያሾልከዋል» ይላል። የሚያሾልክ የለም ብሎ የሚምል የለም፤ ደግሞም ለዚያ መድኃኒቱን ከሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ቅጽ) እስከ ሞዴል 22 (የዕቃ ማውጫ ቅጽ) በፍሬና በብር የሚከታተል ኦዲት የሚደረግ የፋርማሲ አሠራር ተዘርግቷል፤ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውም እዚሁ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። የአብዛኛው «የለም» ምንጭ ግን ሌላ ነው፦ ስሌትና የገንዘብ መዘግየት።

ስሌቱን በእናትዎ መድኃኒት እንየው። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። የሚይዘው ክምችት ጣሪያው የ4 ወር ፍጆታ፣ ወለሉ የ2 ወር ነው፤ ክምችቱ ሁለት ሳምንት ከቀረው በአስቸኳይ መጠየቅ አለበት። 60 የስኳር ታካሚዎች እያንዳንዳቸው በቀን 2 ሜትፎርሚን ቢወስዱ በወር 3,600 ፍሬ ነው፤ ጣሪያው 14,400 ይሆናል። እጅ ላይ 2,000 ካለ የሚጠየቀው 12,400 ነው። እስከዚህ ቀላል ነው።

አሁን መድኃኒቱ ከሁለቱ ወር 30 ቀን ጠፍቶ ነበር እንበል። በ60 ቀን የወጣው 3,600 ብቻ ነው። ቅጹን የሚሞላው ሰው ይህን ለሁለት ከፍሎ «የወር ፍጆታ 1,800» ብሎ ከጻፈ ጣሪያው 7,200 ይሆንና የመጣው በሁለት ወር ያልቃል፤ መጓጓዣው ትንሽ ከዘገየ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ የጠፋበት ቀን ይጨምራል፣ ፍጆታው ይበልጥ ያነሰ ይመስላል፣ ጥያቄውም አብሮ ይቀንሳል። ትክክለኛው መድኃኒቱ የጠፋበትን ቀን ማውጣት ነው፦ 3,600 በ60 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 7,200፣ በወር 3,600። ይህችን አንድ መስመር ሒሳብ መዝለል ስንት «የለም» እንደሚወልድ ቢን ካርዶቹን (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸውን ካርዶች) ገልጦ ያየ ያውቃል። ሥልጠና ወስዶ የተመለሰው ባለሙያ ሲዛወር ሒሳቡም አብሮት ይዛወራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የወባ መድኃኒትና ክትባት በፕሮግራም በነፃ ይመጣል። ሜትፎርሚን፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አሞክሲሲሊን፣ ግሉኮስ ግን ጤና ጣቢያው በውስጥ ገቢው የሚገዛቸው ናቸው። የመድን አባል ሲታከም በእጁ ብር ስለማይከፍል ያ ገቢ ወረዳው እስኪከፍል ወረቀት ላይ ያለ ዕዳ ነው። ጤና ጣቢያው የሦስት ወሩን ሒሳብ ያቀርባል፤ ወረዳው ይመረምራል፤ ስም ያልገጠመውን፣ የምርመራ ውጤት ያልተጻፈበትን፣ ታካሚው ያልፈረመበትን ይጥላል፤ ከዚያ ይከፍላል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር አባሉ በበዛበት ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መግዣው ቀድሞ ይደርቃል። አባል ያበዛ ይጎዳል ማለት ነው።

የመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ራሱ ከሌለውም ጤና ጣቢያው «የለም» የሚል ማረጋገጫ ተቀብሎ፣ ፕሮፎርማ አሰባስቦ ከግል አስመጪ ይገዛል። ያ ሳምንታት ይወስዳል፤ ዋጋውም ይወደዳል።

የአቸፈር ልጅ፦
ቢን ካርድ የጻፈውን አልደግመውም፤ እንደ አንድ ዜጋ የማሻሻያው ችግር የት እንደሆነ የሚመስለኝን ልበል።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ያኔ በእኛ ክልል መዋጮው ለአንድ አባወራ በዓመት 144 ብር፣ በወር 12 ብር ነበር። መድኃኒት ዛሬ የሚገዛው በዚያ ዋጋ አይደለም፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህማ ከውጭ የሚገባ ሁሉ ንሯል። ስለዚህ መዋጮው ባይጨምር ኖሮ ደብተሩ ወረቀት ብቻ ይሆን ነበር። ጭማሪውን አልቃወምም።

የምቃወመው በጮቄ ጥግ ሁለት ጥማድ መሬት ላይ ገብስና ድንች የሚዘራው ሰውና አሥር ጥማድ በቆሎ የሚያፍሰው ሰው አንድ ዓይነት መዋጮ የሚጠየቁበትን አሠራር ነው። የመሬት ደብተሩ እያለ፣ ለግብር የሚሠራበት መዝገብ እያለ፣ መዋጮውን በሦስት እርከን መመደብ ይከብዳል ማለት አይዋጥልኝም።

ሁለተኛው መዋጮው የሚጠራቀምበት ቋት ጠባብ መሆኑ ነው። ቋቱ ወረዳ ላይ በቀረበት ሁሉ እያንዳንዱ ወረዳ የየራሱን ሙዳይ ይዞ ይቀመጣል። ስናን ደጋ ነው፤ ወባ እምብዛም አያውቀውም። ደጀን ደግሞ ወደ አባይ በረሃ የሚወርዱ ቀበሌዎች አሉት፤ ወባ በበረታበት ዓመት መድኃኒቱ ነፃ ቢሆንም አልጋውና ግሉኮሱ ሙዳዩን ያራቁተዋል። ሁለቱ የአንድ ዞን ወረዳዎች በአንድ ቋት ቢሆኑ የአንዱ ክፉ ዓመት በሌላው ደግ ዓመት ይቻቻል ነበር። ቋቱን ወደ ዞንና ወደ ክልል ማሳደግ ነው ዋናው ማሻሻያ፤ ሌላው ቅብ ነው።

ሠራተኛውስ? በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የማኅበራዊ ጤና መድን ከታወጀ በኋላ በወጣው ደንብ ከደመወዝ 3 በመቶ ሠራተኛው፣ 3 በመቶ አሠሪው ያዋጣል ተብሎ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሲራዘም ቆየ። እስከዚያው የአገሩን ጤና በመዋጮ የተሸከመው ገበሬውና የጉልት ቸርቻሪው ነው።

ሞጣ ዙሪያ፦
በእርከኑ እስማማለሁ፣ በቋቱ ግን ቀስ በሉ። ገንዘቡ ወረዳ ላይ ሲሆን የሚመረምረው ሰው የጤና ጣቢያውን ሐኪሞች በስም ያውቃል፤ ለጉንፋን ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ የሚያዝ ካለ ደውሎ ይጠይቃል። ቋቱ ባሕር ዳር ሲሄድ ወረዳው «የክልሉ ገንዘብ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ክፍያውም ሌላ አንድ ፊርማ ይጨመርበትና ይብሱን ይዘገያል። መጀመሪያ የተመረመረ ሒሳብ በስንት ቀን እንደሚከፈል ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ያለዚያ ትልቅ ቋት ማለት ትልቅ ወረፋ ነው።

የአቸፈር ልጅ፦
ለዚህ መላ አለው። የሒሳቡ ምርመራ እዚያው ወረዳ ላይ ይሁን፣ ገንዘቡ ብቻ ወደ ትልቁ ቋት ይሰብሰብ። ከሒሳቡ ግማሽ ያህሉን ለጤና ጣቢያው በቅድሚያ ለቆ ቀሪውን ከምርመራ በኋላ መክፈልም ይቻላል፤ ያኔ መድኃኒት መግዣው አይደርቅም። በቀን ገደቡ ግን ልክ ነህ።

የቢቸናው፦
እግዜር ይስጥልን፤ ብዙ ግራ የገባን ነገር ጠርቷል። አንድ ይቀረኛል፦ ለእናታችን ስንል ከመክፈላችን በፊት ጤና ጣቢያችን ደህና መሆኑን በምን እንለየው?

ቢን ካርድ፦
የጤና ጣቢያው ሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ አለ፤ እሱን ያግኙት። «መድኃኒት አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «አለ» ይላችኋል። «ባለፉት ሁለት ወራት ሜትፎርሚን ስንት ቀን ጠፋ? ወረዳው የመጨረሻውን ሒሳብ የከፈለው የየትኛውን ሩብ ዓመት ነው?» በሉት። የመጀመሪያው መልስ ከሁለት ሳምንት በታች፣ ሁለተኛው ካለፈው ሩብ ዓመት ያልራቀ ከሆነ ያለ ሥጋት አድሱ።

ከታደሰ በኋላ ደግሞ የእናትዎ ስኳር የተስተካከለ ከሆነ ሐኪሙን የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲያዝላቸው ጠይቁት፤ ለሁለት ወር 120 ፍሬ ነው። የምትወስዱት ግን መድኃኒቱ እንደገባ ሰሞን ይሁን። ዕቃው ሊያልቅ ሲል ከሄዳችሁ የ15 ቀን ቆርሰው ይሰጧችኋል፤ ቀሪውን ከውጭ ግዙ ካሏችሁ ማዘዣው ላይ «120 ታዞ 30 ተሰጠ» ብለው እንዲጽፉ አድርጉ፤ ያለዚያ ወረዳው ሙሉውን እንደወሰዳችሁ ነው የሚቆጥረው።